አንደኛ ሊግ ሦስተኛ ነው

ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ ያልተመዘገበ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ መርዶ ይዟል ወይ ካርድ ሊያስልክ ነው ብዬ ላላነሳው ነበር። አነሳሁት።

«ቲቸር፣ ለዩኝ?»

ለየሁት። ድምፁ ወፍሯል እንጂ ያው ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የከተማችን ልጆች ሁለት መስመር ሳትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ አውቃችሁም ቢሆን ኮመንት ላይ ስሙን እንዳትጽፉብኝ አደራ። ለማታውቁት ግራ እግሩ ልበላችሁ። ግራ እግሩ ልዩ ነበር፣ በቀኙ ግን አውቶቡስ ላይ እንኳን አይወጣም እያልን እንቀልድበት ነበር።

ከሰላምታው በኋላ የደወለበትን ነገረኝ። «ትንሹ ወንድሜ ለከተማው ክለብ ሊፈርም ነው። ውሉ ቤት መጥቷል። አባባ ግን ‹መምህሩ ሳያዩት አይሆንም› ብለዋል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «አንደኛ ሊግ» ሲባል፣ በተለይ ውጭ ያላችሁት፣ ከላይ የመጀመሪያው ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ከላይ ያለው በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ ነው፤ ጊዮርጊስና ቡና ያሉበት። ከሱ ስር ከፍተኛ ሊግ አለ። አንደኛ ሊግ የሚመጣው ከዚያ ስር ነው። እንግዲህ «ከፍተኛ» የተባለው ሁለተኛ ነው፣ «አንደኛ» የተባለው ደግሞ ሦስተኛ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይሄ አቆጣጠር ከጀመረኝ ጀምሮ ሲያሳክከኝ ይኖራል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብቆጥር ኖሮ ኋላ ወንበር ላይ ያላችሁት ትገሉኝ ነበር።

ከአንደኛ ሊግ በታች ደግሞ የየክልሉ ውድድር አለ። በየክልሉ ያሸነፉት በክልል ክለቦች ሻምፒዮና ይገናኙና የተሻሉት ወደ አንደኛ ሊግ ይወጣሉ። የሰፈር ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ የሚጫወት ልጅ ፕሪሚየር ሊግ እስኪደርስ የሚወጣው ደረጃ ይሄ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ደረጃ በደረጃ፣ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል።

አገሩ ሰፊ ነው፣ ብሩ ትንሽ ነው። ስለዚህ የአንደኛ ሊግ ክለቦች በምድብ ይከፋፈላሉ። ሲታሰብ ጎረቤት ከጎረቤት ይጫወታል ነው። ጎረቤት ማለት ግን በእኛ አራት ሰዓት በቅጥቅጥ መሄድ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን፣ መንገድ ላይ ሻይ በዳቦ በልተን፣ ሜዳ የምንደርሰው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። አንዳንዱ ሜዳ ሣር አለው። አንዳንዱ ጠጠር ነው፤ በረኛችን ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነበር የሚገባው። ስንመለስ ደግሞ መኪናው ላይ ሽንኩርት ይጫናል። አንዱ ተከላካያችን እናቱ ጉሊት ስለሚውሉ የጨዋታ ፕሮግራም ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተጋጣሚው ማን እንደሆነ አልነበረም። እዚያ ከተማ ሽንኩርት ስንት እንደገባ ነበር።

እኔ የቡድን መሪ ነበርኩ። የቡድን መሪ ስትሉ አሠልጣኝ እንዳይመስላችሁ። ቲሴራዎቹን በፌስታል ይዞ የሚዞር፣ አልጋ የሚከራይ፣ የምግብ ደረሰኝ የሚለቅም፣ ከኮሚሽነሩ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ነው። በእኛ ከተማ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቅዳሜና እሁድ የማይሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አስተማሪ ማለት ነው። የተከፈለኝ አበል ለሻይ የምትበቃ ነበረች። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሃያ ዓመት ማስተማር ውስጥ እንደዚያ የኖርኩበት ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ማደጉ ልምጣ። ብዙ ሰው ምድቡን የመራ ክለብ ያድጋል ይላል። አያድግም። በእኛ ጊዜ ምድብህን መምራት ሌላ በር ላይ ያደርስህ ነበር እንጂ በሩን አይከፍትልህም። ከየምድቡ የተሻሉት ማጠቃለያ ውድድር ወደሚባለው ይሄዳሉ። አንድ ከተማ ላይ ሁሉም ይሰበሰባል፣ በዕጣ እንደገና ይደለደላል፣ ዓመቱን ሙሉ ያመጣኸው ነጥብ ዜሮ ይሆናል። ከወራት ልፋት በኋላ ዕጣ ፈንታህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወሰናል። አንድ ቀን ተጫውተህ አንድ ቀን ታርፋለህ። ሃያ ተጫዋች፣ አንድ ወጌሻ፣ አንድ የበረዶ ካልዲያ። አንድ አጥቂህ ቁርጭምጭሚቱ ከታጠፈ ዓመቱ ታጠፈ ማለት ነው።

በ2011 እዚያ ደርሰን ነበር። በፍፁም ቅጣት ምት ወጣን። አምስተኛውን የመታው አምበላችን ነበር፣ ኳሷ አግዳሚውን መትታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ በመኪናው ውስጥ አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። ግራ እግሩ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ከደጋፊዎች ጋር መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከተማችን መግቢያ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ለከርሞ እኔ እመታዋለሁ» አለኝ። ሳቅኩበት።

ለከርሞ ፈረመ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኖ፣ ደሞዙ 2,500 ብር።

አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። የክለባችንን ማሊያ ቁጥር የሚለጥፉት እሳቸው ነበሩ፣ ሲቀደድም የሚጠግኑት እሳቸው። ልጃቸው እንዲፈርም መጀመሪያ እሺ አላሉም። «ትምህርቱስ?» አሉ። ቤታቸው ሄጄ፣ ልምምዱ ከትምህርት በኋላ መሆኑን፣ በጎን እኔ ራሴ ሒሳቡን እንደማስጠናው ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። ከዚያ ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። «መምህር፣ እኔ ኳስ አላውቅም። እርስዎን ነው የማውቀው።» ፈረሙ።

የዚያን ጊዜ ስሜት የማታስታውሱ ካላችሁ ትንሽ ላስታውሳችሁ። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010፣ ፕሪሚየር ሊጉን በላ። ያውም ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት! በ2011 ደግሞ አብሮት ያደገው መቐለ 70 እንደርታ ወሰደ። እኛ ትንንሽ ከተማ ያለን ሰዎች ያንን አይተን አበድን። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ፣ ትናንት ታች የነበረ ክለብ፣ ዛሬ ዋንጫ ያነሳል። የከተማው ካቢኔ ስብሰባ ላይ ሳይቀር «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ይባል ነበር። በጀት ሲጠየቅ የሚጠቀሰው ጅማ ነው። ልጆቹን ለማነሳሳት የሚጠቀሰውም ጅማ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጠቅሻለሁ።

ያልተረዳነው ነገር፣ ወይም ተረድተን ያላወራነው ነገር፣ ክለብ ያድጋል እንጂ ተጫዋች አብሮት ላያድግ እንደሚችል ነው። ብዙ ጊዜ ስታድግ በጀት ይጨምራል፤ በጀት ሲጨምር አዲስ አሠልጣኝ ይመጣል፤ አዲስ አሠልጣኝ የራሱን ልጆች ይዞ ይመጣል። ያሳደጉህ ልጆች የአንድ ዓመት ውላቸው ሰኔ 30 ያልቃል፣ «እናመሰግናለን» ተብለው ይሸኛሉ። አንዳንዱም ያልተከፈለው ወር ደሞዝ ይዞበት። በእኛ አካባቢ ይሄ የደረሰበት ክለብ አይቻለሁ። ያደገበት ቀን በከተማው የጨፈረው ልጅ በመስከረም ሜዳው ዳር ቆሞ ሌሎች ሲለማመዱ ያያል።

እንግዲህ ይሄን እያወቅኩ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት።

በ2012 የውድድሩ አጋማሽ ላይ፣ የዝውውር ጊዜ ነበር፣ አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ሰው ልኮ ግራ እግሩን አየው። ሁለት ጊዜ አየው። ልጁን አናግሮት ነበር፤ «በደብዳቤ እንጠይቃችኋለን» ብሎት ሄደ። ልጁ ሮጦ መጥቶ ነገረኝ። ዓይኑ ሲያበራ አሁንም ይታየኛል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደብዳቤው መጣ። ማኅተም ያለው፣ መልቀቂያ የሚጠይቅ፣ ለልጁ በወር 8,000 ብር እንደሚከፍሉ የሚገልጽ። የክለባችን ጸሐፊ ደብዳቤውን ሰጠኝና «ተማሪህ ነው፣ አንተ እንደፈለግክ አድርገው» አለኝ።

መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ። «ቲቸር፣ ደብዳቤ መጣ?» «አልመጣም» አልኩት። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። «አልመጣም። እነዚህ ሰዎች ሁሉን ልጅ እንደዚህ ነው የሚሉት፣ ልብህን አታንሳ። በሰኔ እኛው ራሳችን ከፍተኛ ሊግ ነን። በከተማህ ማሊያ ታድጋለህ» አልኩት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም።

ለምን አደረግኩት? ለራሴ ስነግረው የነበረው ምክንያት ጥሩ ነበር። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ፈተናው ሊደርስ ነው፣ ሌላ ከተማ ቢሄድ ትምህርቱ ይቀራል፣ ለአባቱ ቃል ገብቻለሁ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለአባቱም አልነገርኳቸውም። ትምህርቱ ቢሆን ያስጨነቀኝ ደብዳቤውን ይዤ ቤታቸው እሄድ ነበር፣ እሳቸው ይወስኑ ነበር። የደበቅኩት ምድባችንን በ4 ነጥብ እየመራን ስለነበር፣ ካገባናቸው ጎሎች ግማሽ ያህሉ የሱ ስለነበሩ፣ እሱ ከሄደ ማጠቃለያውን እንደማናልፍ ስለማውቅ ነው። ያ አግዳሚውን የመታች ኳስ ስለምታንገበግበኝ ነው። እንደዚያ በአጭሩ ስጽፈው ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ ተባለ። ዓርብ ነበር። እሁድ መጋቢት 6 ከሜዳችን ውጭ ተጫውተን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ሁለተኛዋ የግራ እግሩ ናት፣ ከሳጥን ውጭ። ተጫዋቾቹ በክርን ሰላም እየተባባሉ ይስቁ ነበር። እኔ መኪና ውስጥ የተማሪ የፈተና ወረቀት ገልብጬ አሰላለሁ። አምስት ጨዋታ ቀረ፣ 15 ነጥብ። ተከታያችን ሁሉንም ቢያሸንፍ እንኳን እኛ ከአምስቱ አራቱን ካሸነፍን ያበቃል። አንዱን ብንሸነፍም ችግር የለውም። ቀላል እኩልነት።

በማግሥቱ ሰኞ፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የስፖርት ውድድር ቆመ። በአንድ ቀን ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶቼ ተባረርኩ። ለሁለት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። በሚያዝያ መጨረሻ ፌዴሬሽኑ የዓመቱ ውድድር መሠረዙን አሳወቀ። ከፕሪሚየር ሊጉ ጀምሮ። ሻምፒዮን የለም፣ የሚወርድ የለም፣ የሚያድግም የለም።

ውሳኔውን አልኮንንም። ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ሰው እየሞተ ነበር። የዓለም ሊግ ሁሉ ግራ ገብቶት ነበር። ያኔ ቤት ተቀምጬ ሥራ ስላጣሁ የየአገሩን እያነበብኩ ነበር የምውለው፣ አንድ ነገር አገኘሁ። ሆላንድ ውስጥ ካምቡር የሚባል ክለብ አለ፣ ሊዋርደን በምትባል ከተማ። ሁለተኛ ሊጋቸውን እየመራ ነበር፣ ወደ ዋናው ሊግ ሊያድግ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እዚያም ሊጉ ተቋረጠ፣ ማንም አያድግም ተባለ። ካምቡር ፍርድ ቤት ሄደ። ተሸነፈ። እኔ ይሄን ሳነብ የአጎቴ ልጅ የተሸነፈ ያህል ተሰማኝ። ኡትሬክት ላለ ዳኛ ከእኛ ከተማ ሆኖ የሚናደድ ሰው ያለ አይመስለውም።

ካምቡር በቀጣዩ ዓመት ምን ሆነ መሰላችሁ? ያንኑ ሊግ አንደኛ ሆኖ አደገ። መብራቱ እዚህ ጋ ነው የበራልኝ። እነሱ የተሠረዘባቸው ዓመት ነበር እንጂ ቡድኑ አልተሠረዘም። በእኛ ግን ሰኔ 30 የሁሉም ልጅ ውል አለቀ። የከተማው በጀት ወደ ሌላ ዞረ፣ ዞረ ደግሞ በትክክልም ነው፣ ለማስክና ለሳኒታይዘር ነው የዞረው። አምበላችን ወደ ቤተሰቡ ገጠር ገባ። በረኛው ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ባለ ሽንኩርቱ ከእናቱ ጋር ጉሊት ወጣ፣ እሱ እንኳን ተዋጣለት፣ አሁን መደብር አለው። ክለቡ በቀጣዩ ዓመት ሲመለስ ከሃያዎቹ የተገኙት ሰባት ነበሩ። ምድቡን መካከል ላይ ጨረስን።

ግራ እግሩ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም። ፈተናውም ተራዝሞበት ነበር። የ2012 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ታስታውሳላችሁ፣ የተፈተናችሁት እኮ በ2013 አጋማሽ ላይ ነው። ሊጉም ቆመ፣ ፈተናውም ቆመ፣ ልጁ መሀል ላይ ቀረ። አባቱ ሥራ ቀነሰባቸው፤ ሠርግ ከሌለ ልብስ ማን ያሰፋል? ልጁ የሰው ባጃጅ ይዞ መሥራት ጀመረ። ፈተናው ሲመጣ ተፈተነ፣ ውጤቱ አልመጣለትም። እኔ አስጠናዋለሁ ያልኩት ሒሳብ ላይ ነው የባሰበት። ቤታችን ተዘግተን ነበር ብዬ አመካኝቻለሁ፣ ግን ስልክ ነበረን።

በዚያ ላይ ያ ደብዳቤ የጻፈለት ክለብ አለ። እነሱም ሊጋቸው ተሠርዞባቸዋል፣ ቢሄድ ኖሮ እዚያም ይቆምበት ነበር ልትሉኝ ትችላላችሁ። ብዙ ሌሊት ለራሴ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይሠራም። ቢሄድ ኖሮ ሁለተኛው እርከን ላይ የተመዘገበ ተጫዋች ሆኖ ነበር የሚቆምበት። ቤቱም ከጥር ጀምሮ በወር 8,000 ብር ይገባ ነበር። ሊሳካለት ይችል ነበር፣ ላይሳካለትም ይችል ነበር። እኔ ግን ያንን «ይችል ነበር» ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አሁን ወደ ሐሙስ ማታ ልመለስ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲለኝ ልጁ ስለ ወንድሙ ነው የጠየቀኝ። ታናሽየውን አይቼዋለሁ፤ ቀኝ እግር ነው፣ አማካይ፣ ከወንድሙ ይልቅ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ የሚጫወት። ክለቡ እንደገና ምድቡን እየመራ ነው። ሰዎቹም እንደገና «ዘንድሮ እናድጋለን» እያሉ ነው። እኔ የቡድን መሪነቱን ከተውኩ ቆየሁ። ጥሩ ምክር ሰጥቼ፣ «ይፈርም፣ ትምህርቱን ግን እንዳይተው» ብዬ፣ ተመስግኜ ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። ነገርኩት። ደብዳቤው መጥቶ እንደነበር፣ መቼ እንደመጣ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለቱንም ጊዜ እንደዋሸሁት።

ዝም አለ። ከጀርባው የባጃጅ ሞተር ይሰማል፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ስንት ይላል ደሞዙ?» አለኝ።

«ስምንት ሺህ።»

እንደገና ዝም። «ስምንት» አለ። ከዚያ «እሺ ቲቸር፣ ሰው ተሳፍሯል፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። በዚያ ሰዓት ሰው ተሳፍሮ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዓርብ አልደወለም። ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ሳገላብጥ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ፣ ለሷም ያን ቀን ነው የነገርኳት። እሷ ደግሞ ምንም አላለችኝም፣ ተነስታ ሻይ ጣደች። ቅዳሜ ከሰዓት መልእክት ላከልኝ። እንዳለ ነው የምጽፍላችሁ፣ ፈቅዶልኛል። «ቲቸር ሳስበው ዋልኩ። የኔ አልፏል። የወንድሜ ውል ላይ ግን ማንኛውም ክለብ በደብዳቤ ከጠየቀው ኮፒው በሦስት ቀን ውስጥ ለሱ በእጁ ይሰጠው የሚል ይግባ። እርስዎ ራስዎ ያስገቡት። እሁድ አባባ ጋ እንገናኝ።» ከታች ደግሞ ጨመረበት፦ «ከፈለጉ ፌስቡክ ላይ ይጻፉት፣ ሌላውም ልጅ ይወቅ። ስሜን ግን አይጥሩ።»

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። ሱቃቸው እሁድ ዝግ ነው፣ ግን በሩን ገርበብ አድርገው ጠበቁኝ። አባትየው ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ታናሽየው ጥግ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ግራ እግሩ በሩ ላይ ቆሟል፣ ባጃጁን እንዳይነኩበት እያየ መሰለኝ። ለአባትየው እኔው ራሴ ነገርኳቸው። ልጃቸው አልነገራቸውም ነበር፣ ለእኔ ትቶልኝ ነው። ጨርሼ እስክነግራቸው መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ያስቀምጡ፣ ያነሱ ነበር።

«መምህር» አሉኝ፣ «ያኔ ለምን አልልም። ልጁ ይበልህ ካላለ እኔ ምን እላለሁ። ዛሬ ግን ውሉን እዚህ ቁጭ ብለው ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። ከመጀመሪያው።»

አነበብኩላቸው። ሁለት ገጽ ተኩል ነው። የአንድ ዓመት ውል ነው። ክለቡ ቢያድግ ተጫዋቹ ምን እንደሚሆን የሚል አንድ ቃል የለውም፤ ያችን አስምሬ አቆየኋት፣ ክለቡ ካደገ ውሉ በአዲሱ እርከን ለአንድ ዓመት ይራዘማል የሚል ጻፍንበት። የፈተና ሳምንት ልምምድ የለበትም የሚል አባትየው አስጨመሩ። የደብዳቤውን ነገር እኔ በእጄ ጻፍኩት፣ ቀኑ ሳይቀር። ግራ እግሩ ከኋላዬ መጥቶ በትከሻዬ ላይ ሆኖ አነበበው፣ «በእጁ የሚለው ይሰመርበት» አለኝ። አሰመርኩበት።

ታናሽየው እስከዚያ ድረስ አልተናገረም ነበር። «እሺ ባይሉስ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። አባትየው «እንደገና ያንብቡልኝ» አሉኝ፣ እንደገና አነበብኩ።

ለክለቡ ጸሐፊ ከሰዓት በኋላ ወስጄ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ሌላ ሰው ነው፣ ወጣት ነው፣ እሱንም አስተምሬዋለሁ። እርሳስ የተጻፈበትን አየና «ቲቸር፣ እንደዚህ ያለ ውል እኮ አይተን አናውቅም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ለኃላፊዎቹ አቅርቤ ማክሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብሏል።